የዲትሮይቱ ውል፦ መካከለኛ ኑሮ እንዴት ተገነባ? እንዴትስ ሳሳ?

(በሬድዮ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ለመጽሔት እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ)





አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ አዛውንት እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸው አሜሪካ ከሄደ አሥር ዓመት አልፎታል። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አሉኝ። «ልጄ ሁለት ቦታ ይሠራል፤ ሚስቱም ትሠራለች። መኪና አለው፤ ቤቱም ያማረ ነው፤ ፎቶውን አይቻለሁ። ግን በደወለ ቁጥር 'አባዬ፣ ኑሮ ከብዶኛል' ይለኛል። ያ አገር የሀብታም አገር አይደለም እንዴ? ልጄ ይዋሸኛል ወይስ እዚያ የተበላሸ ነገር አለ?»

«አባቴ፣ ልጅዎ አይዋሽዎትም» አልኳቸው። ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። የዛሬው ንግግሬ ለኚህ አባት ጀምሬ ያልጨረስኩት መልስ ነው። ጥያቄያቸው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ስንቶቻችን ቤት ውስጥ ከባሕር ማዶ የሚደወል ስልክ፣ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ ገንዘብ አለ?

መልሱን ለማግኘት ወደ አንዲት ከተማ እንሂድ፤ ወደ ዲትሮይት። በሰሜን አሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት የምትገኝ የመኪና ፋብሪካ ከተማ ናት። በአሜሪካ ተራ ሠራተኛ ቤት ገዝቶ፣ ልጆቹን አስተምሮ፣ በጡረታ የሚያርፍበት «መካከለኛ» የሚባለው ኑሮ በብዙ መልኩ የተቀረፀው በእርሷ ውስጥ ነው። የሳሳበትንም መንገድ ቀድማ ያየችው እርሷ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አምስት ዶላር በቀን

ሄንሪ ፎርድ በ1908 «ሞዴል ቲ» የተባለችውን መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋዋ 850 ዶላር ገደማ ነበር። በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። ሠራተኛው ባለበት ይቆማል፤ መኪናዋ በፊቱ ታልፋለች፤ እርሱም ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል። ምርቱ በረከተ፤ ዋጋው ወረደ። በ1920ዎቹ አጋማሽ መኪናዋ ከ300 ዶላር በታች ትሸጥ ነበር።

ነገር ግን ሰው ማሽን አይደለም። ሥራው ስለሚያሰለች ሠራተኛው እየጣለ ይሄዳል። በ1913 ፎርድ 14 ሺህ የሚሆን ሠራተኛ በቦታው ለማቆየት በዓመቱ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ስለዚህ በጥር ወር 1914 ዓለምን ያስደነቀ ነገር አወጀ፤ የስምንት ሰዓት ሥራ በቀን አምስት ዶላር! ቀድሞ ይከፈል ከነበረው እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፎርድ ይህን ያደረገው በርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ሠራተኛው እንዳይሄድበት ነው፤ ደህና የተከፈለው ሠራተኛ ደግሞ ገዢ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ገንዘቡም ያለ ቅድመ ሁኔታ አልተሰጠም። ኩባንያው የላካቸው ተቆጣጣሪዎች የሠራተኛውን ቤት እያንኳኩ ይጠጣ እንደሆነ፣ ይቆጥብ እንደሆነ፣ ቤቱ ንጹሕ እንደሆነ ይመዘግቡ ነበር። ያልተመሰከረለት ሙሉውን አምስት ዶላር አያገኝም። የተሰጠውን የሰጠው ጌታው ነበር፤ በፈለገ ጊዜም ሊነሳው ይችላል። ስጦታ ነበር እንጂ ገና ውል አልነበረም።

የአምስት ዶላሩ ወሬ ባሕር ተሻገረ። በዚያን ጊዜ በኦቶማን ሥር ከነበረችው ሶርያና ሊባኖስ፣ ጥቂት ቆይቶም ከየመን፣ ሙስሊም ወጣቶች ወደ ዲትሮይት ጎረፉ። በ1921 ከሃይላንድ ፓርኩ ፋብሪካ ሳይርቁ መስጊድ ሠሩ። በአሜሪካ ምድር ለመስጊድነት ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያ ሕንፃዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ብዙ አልዘለቀም። ፎርድ ሥራውን በዲርቦርን ወደ ሠራው ግዙፉ የሩዥ ፋብሪካ ሲያዛውር ምእመናኑም እንጀራቸውን ተከትለው ሄዱ። በ1930ዎቹ መጨረሻ በዚያው በፋብሪካው ጥላ ሥር ሌላ መስጊድ ተከሉ። የሙስሊሞቹ መንደር ከደመወዝ ጋር አብሮ ሲነቀልና ሲተከል የኖረ መንደር ነበር።

ከረሃብ ሰልፍ ወደ ውል

በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሀብቱ እጅግ ተከማችቶ ነበር። የገቢ ታሪክን ያጠኑ ምሁራን እንደሚሉት ከአገሪቱ ገቢ ግማሽ የሚጠጋው በላይኛው አሥር በመቶ ሰው እጅ ይገባ ነበር። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አልነበረውም። የፎርድ ስጦታም በዚህ ጊዜ በነነ፤ ደመወዝ ተቆረጠ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ።

መጋቢት 7 ቀን 1932 ሥራ ያጡ ሠራተኞች በብርድ ወደ ሩዥ ፋብሪካ ሰልፍ ወጡ። የጠየቁት ሥራ፣ ማገዶና ሕክምና ነበር። ፖሊስና የፋብሪካው ጠባቂዎች በውኃና በጥይት ተቀበሏቸው። አራት ሰዎች በዕለቱ ሞቱ፤ አምስተኛው በኋላ በቁስሉ አረፈ።

በ1935 ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀትና በጋራ የመደራደር መብቱን የሚያስከብር ሕግ ወጣ። በ1936 መጨረሻ ፍሊንት በተባለች ከተማ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች ከፋብሪካው አንወጣም ብለው ማሽኑን አቁመው በውስጡ ተቀመጡ። ለ44 ቀናት ጸንተው በየካቲት 1937 ኩባንያው ለማኅበራቸው እውቅና ሰጠ። ፎርድ እስከ 1941 ድረስ ተከላክሎ በመጨረሻ እርሱም እጁን ሰጠ።

ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ፤ አለፈም። በ1944 የወጣ ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪና የቤት ብድር ዋስትና ሰጠ። በ1950 ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያና የመኪና ሠራተኞች ማኅበር የአምስት ዓመት ስምምነት ፈረሙ። «የዲትሮይት ውል» የሚባለው ይህ ነው። የማኅበሩ መሪ ዋልተር ሩተር ይባላል።

ውሉ ምን ይላል? አንደኛ፣ የገበያ ዋጋ ሲንር ደመወዝ አብሮ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ምርታማነት በየዓመቱ ስለሚያድግ ሠራተኛው ከእድገቱ ድርሻ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ጡረታ ይኖረዋል። አራተኛ፣ ከሕክምና መድኅን ወጪ ግማሹን ኩባንያው ይሸፍናል። በምላሹ ሠራተኛው ለአምስት ዓመት በእነዚህ ነገሮች ላይ አድማ ላለመምታት ተስማማ።

ሌሎች ኩባንያዎችም ተመሳሳይ ውል ፈረሙ። ማኅበር የሌላቸውም ሠራተኞቻቸው እንዳይደራጁባቸው ሲሉ ደመወዝ ጨመሩ። በ1950ዎቹ ከሦስት ተቀጣሪ ሠራተኞች አንዱ ገደማ የማኅበር አባል ነበር። በ1940 ከአሜሪካ ቤተሰቦች 44 በመቶው ብቻ በራሱ ቤት ይኖር ነበር፤ በ1960 ግን 62 በመቶ ደረሰ። መንግሥትም ከእጅግ ባለጠጎች ገቢ የመጨረሻው እርከን ላይ እስከ 91 በመቶ የሚደርስ ግብር ይጥል ነበር። የላይኛው አሥር በመቶ ድርሻ ከግማሽ ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ።

ልብ በሉ! መኪናው፣ ማሽኑ፣ ነዳጁ በ1929ም ነበረ። በ1950 የመጣው አዲስ ነገር የመከፋፈያው ውል ነው። መካከለኛ ኑሮ ሀብት ስለበዛ ብቻ እንደ ዝናብ ከላይ አልወረደም። ሰዎች ተደራድረው፣ አንዳንዶቹም ሞተውለት የፈረሙት ነገር ነው።

ከውሉ ውጭ የቀሩት

ይሁን እንጂ ያንን ዘመን ወርቃማ ብቻ አድርገን ብናወራ ፍትሕ አይሆንም። ጥቁር አሜሪካውያን በፋብሪካው ውስጥ ከባዱና ቆሻሻው ሥራ ነበር የሚሰጣቸው። ባንኮችና መንግሥት ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር በካርታ ላይ ለይተው የቤት ብድር ይከለክሉ ነበር። በ1941 በዲትሮይት አንድ ገንቢ ለነጮች ለሚሠራቸው ቤቶች ብድር እንዲፈቀድለት ሲል ከጥቁሮቹ ሰፈር የሚለይ ረጅም የግንብ አጥር አቆመ። አጥሩ ዛሬም በቦታው አለ።

ዲርቦርንም ከዚህ የተለየች አልነበረችም። ከ1942 እስከ 1978 የመሯት ከንቲባ ጥቁሮች በከተማዋ እንዳይኖሩ በግልጽ ይሟገቱ ነበር። ሙስሊሞቹና ሌሎች ዐረቦች የሚኖሩበትን ከፋብሪካው ሥር ያለውን ሰፈርም አስተዳደሩ ለኢንዱስትሪ ቦታ ሊያፈርሰው ተነሣ። ነዋሪዎቹ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ። መንደራቸው ተረፈ። ከዚያ ሰፈር የየመን ሠራተኞች ለአሥርት ዓመታት ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ወደ ተራራማ መንደሮቻቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር። ያ ገንዘብ ስንት ቤት እንደሠራ የሚያውቁት የላኩትና የተቀበሉት ናቸው።

ውሉ እንዴት ተፈታ?

ውሉ ሲፈረም አንድ ትልቅ ነገር ሳይካተት ቀርቶ ነበር። ፋብሪካው የት ይሠራ፣ መቼ ይዘጋ፣ ምን ማሽን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ኩባንያው ብቻ ሆኖ ቀረ። ሠራተኛው ስለ ደመወዙ ድምፅ አገኘ፤ ስለ ሥራው ህልውና ግን ድምፅ አልነበረውም። ሌላም ጉድለት ነበረው። ሕክምናውና ጡረታው ከሥራው ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ሥራው የሄደበት ሰው ሐኪሙም አብሮ ይሄድበታል።

መፈታቱ የጀመረው ገና ውሉ ባማረበት ዘመን ነው። ከ1947 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት ብቻ ዲትሮይት ከ130 ሺህ በላይ የፋብሪካ ሥራ አጣች። ኩባንያዎቹ ወደ ገጠርና ማኅበር ወደማይበረታበት ደቡብ ሄዱ። በ1961 በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ሥራ ጀመረ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ ነዳጅ የማይፈጁት የጃፓን መኪኖች ገበያውን ያዙ። በ1981 የአሜሪካ መንግሥት አድማ የመቱ ከ11 ሺህ በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን አባረረ። ይህን ያየ የግል አሠሪም ልብ አገኘ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የባለጠጎች ከፍተኛው የግብር መጣኔ ከ70 ወደ 28 በመቶ ወረደ። በ1994 ከሜክሲኮና ከካናዳ ጋር ነፃ የንግድ ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2001 ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። ፋብሪካው ድንበር ተሻገረ።

ደመወዙ ከኑሮው ወደኋላ ሲቀር ቤተሰቡ ምን አደረገ? በመጀመሪያ ሚስትም ለሥራ ወጣች። በአንድ ደመወዝ ይኖር የነበረ ቤት ሁለት ደመወዝ አስፈለገው። ያም አልበቃ ሲል ብድር መጣ፤ የቤት ብድር፣ የመኪና ብድር፣ የትምህርት ብድር፣ በፕላስቲክ ካርድ የሚወሰድ ብድር፤ ሁሉም ከነወለዱ። ከውጭ ሲታይ ኑሮው አልተለወጠም፤ ቤቱም መኪናውም አለ። ከውስጥ ግን ቀድሞ በደመወዝ የሚያዘው ነገር አሁን በዕዳ የተያዘ ሆነ። በ2008 የቤት ብድሩ ገበያ ሲፈርስ ሚሊዮኖች ቤታቸውን አጡ። ስለ ወለድ ጉዳት በመጽሐፍ የተማርነውን በዚያ ዓመት ዓለም በዓይኑ አየው።

በ2007 የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ሥራውን ለማዳን ሲል አዲስ ተቀጣሪ ከነባሩ በግማሽ ደመወዝ እንዲሠራ ተስማማ። በአንድ መስመር ላይ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ፤ አባት 28 ዶላር ገደማ በሰዓት ያገኛል፤ ልጅ 14። በ2009 ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2013 ደግሞ ከተማዋ፣ ዲትሮይት፣ 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክማ መክሰሯን አስታወቀች። የከተማዋ ጡረተኞች ከጡረታቸው ተቆረጠባቸው። በ1950 ወደ 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2020 ቆጠራ የተገኘባት 639 ሺህ ገደማ ሰው ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል ባወጣው መሠረት በ1971 ከአሜሪካውያን 61 በመቶው በመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ውስጥ ይኖር ነበር። በ2023 ወደ 51 በመቶ ወርዷል። ታዲያ ሁሉም ደኸዩ ማለት ነው? አይደለም። የላይኛው ክፍል ከ11 ወደ 19 በመቶ አደገ፤ የታችኛው ከ27 ወደ 30። ከመሐል ከወጡት የሚበዙት ወደ ላይ ወጥተዋል፤ የቀሩት ወደ ታች ወርደዋል። መሐሉ በሁለት በኩል ነው የሳሳው።

ትልቁ ለውጥ ያለው ግን በገቢው ድርሻ ላይ ነው። በ1970 መካከለኛው ክፍል ከአገሪቱ የቤተሰብ ገቢ 62 በመቶውን ይወስድ ነበር፤ በ2022 የወሰደው 43 በመቶ ብቻ ነው። የላይኛው ክፍል ከ29 ወደ 48 በመቶ ወጣ። በ1965 የትልልቅ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ከተራ ሠራተኛው 20 እጥፍ ገደማ ያገኝ ነበር፤ በዚህ ዘመን ወደ 300 እጥፍ ይጠጋል። አገር አቀፉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ2009 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኖ ከተተመነ ወዲህ አልተነሣም። ከአሥር ሠራተኞችም የማኅበር አባል የሆነው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ሀብቱ አልቀነሰም፤ አሜሪካ ከ1950 ይልቅ ዛሬ እጅግ ባለጠጋ ናት። የተቀየረው መከፋፈያው ነው።

የኛ ልጆች በየትኛው መሰላል ወጡ?

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ አሜሪካ የሄዱት መቼ ነው? ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ ይበልጡንም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፤ ቀጥሎም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዲቪ ዕጣ። ዓመታቱን ከላይ ካየናቸው ጋር አስተያዩ። የሊባኖሱና የየመኑ ስደተኛ ሲደርስ የፋብሪካው በር ክፍት ነበር፤ ቋንቋ ባያውቅም፣ ባይማርም የፋብሪካ ደመወዝ ይጠብቀዋል። የኛ ልጅ ሲደርስ ያ መሰላል እየተነሣ ነበር። ያገኘው ሥራ ታክሲ መንዳት፣ የመኪና ማቆሚያ መጠበቅ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የሱቅና የሆቴል ሥራ ነው። ብዙው ሥራ ጡረታ የለውም፤ አንዳንዱ የሕክምና መድኅን የለውም። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ማቆያው፣ የሕክምናው ዋጋ ግን የዛሬው ነው።

ተምረው፣ ነግደው፣ ወደ ላይ የወጡ ብዙ ልጆች አሉን፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን እኛ ቤት የሚወራው አሜሪካ የ1950ው ነው፤ ልጁ የሚኖርባት ሌላ ናት። የሚልከው መቶ ዶላር ከትርፉ የተነሣ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ከእንቅልፉ የተቆረጠ ይሆናል።

ውል ሊታደስም ይችላል

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። መስከረም 2023 የመኪና ሠራተኞች በሦስቱም ትልልቅ ኩባንያዎች ላይ በአንድ ጊዜ አድማ መቱ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በውሉ ዘመን ውስጥ የ25 በመቶ ጭማሪ አገኙ። በ1950 የተፈረመው፣ በ2009 ቀውስ ጊዜ የተወው ከኑሮ ውድነት ጋር የሚሄደው ጭማሪም ተመለሰላቸው። የነባርና የአዲስ ተቀጣሪ ልዩነትም ጠበበ። የተፈታ ውል እንደገና ሊታሰር እንደሚችል አሳዩ፤ ምንም እንኳን የዛሬው ማኅበር ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ቢሆን።

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። የሀብት መብዛትና የሀብት መድረስ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ዲነል ኢስላም ይህን ቀድሞ አስተምሮናል። ሱረቱል ሐሽር ገንዘብ በባለጠጎች መካከል ብቻ እንዳይዘዋወር ያስጠነቅቃል፤ ሱረቱል ማኢዳም የሚከፈተው ውልን በመሙላት ትእዛዝ ነው። ሁለቱን አጋጥማችሁ ብታነቧቸው የዲትሮይት ታሪክ ቁልፍ በእጃችሁ ነው።

እኛም በየቤታችንና በየሱቃችን አሠሪዎች ነን። ሱቅ የሚጠብቅልን ወጣት፣ ቤት የምታግዘን እህት፣ ጭነት የሚያወርድልን ሰው አለን። የጤፍ ዋጋ ሲጨምር የዕቃችንን ዋጋ በዚያው ሳምንት እናስተካክላለን። የሠራተኛችንን ደመወዝስ? ስንቀጥረው ምን ተነጋገርን? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? የሰጠነው ስጦታ ነው ወይስ ውል? ስጦታ ሰጪው ሲከፋው ይቀራል፤ ውል ግን አላህ ዘንድ ያስጠይቃል።

ለእኚያ አባትም መልሴ ይህ ነው። አባቴ፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም፤ ሰንፎም አይደለም። የወጣው ግማሽ እርከኑ በወለቀ መሰላል ነው። በሚቀጥለው ሲደውል ስለ ገንዘቡ ከመጠየቅዎ በፊት ስንት ሰዓት እንደተኛ ይጠይቁት። ዱዓ ያድርጉለት። ከላከልዎት ያመስግኑት፤ ካልላከም ያመስግኑት።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ውላችንን የጸና ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።